ሃምሳ እንግዶች በአንድ ሴክሽን

አዲስ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚገቡበት ሰሞን የከተማው መናኸሪያ ሄዶ ያየ ሰው የአቀባበልን ትርጉም በዓይኑ ያየዋል። ነባር ተማሪዎች ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ፍራሽ ይቀበላሉ፣ ግራ የተጋባውን ፍሬሽ እጁን ይዘው ባጃጅ ላይ ያሳፍራሉ። የግቢ ጉባኤው፣ ጀማዓው፣ ፌሎሺፑ፣ ያገሩ ልጅ፣ ሁሉም የራሱን ሰው እየፈለገ ይቀበላል። ልጁ ዶርሙን ገና ሳያውቅ ስሙን የሚጠራው፣ ካፌ የሚወስደው፣ ቢታመም ክሊኒክ የሚያደርሰው ሰው አግኝቷል። ከቤቱ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ለመጣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህ ውለታ በቀላሉ አይገመትም።

የእነዚህ ስብስቦች ሁሉ መሠረት ግን መመሳሰል ነው፤ በሃይማኖት፣ በቋንቋ፣ በትውልድ ቦታ። ዶርም እንኳ መጀመሪያ ተደባልቆ ቢመደብም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ልዋጭ ይጀመርና የሚመሳሰሉት ይሰባሰባሉ። በግቢው ውስጥ ተማሪው ራሱ ካልመረጣቸው ሰዎች ጋር ሙሉ ሴሚስተር አንድ ሥራ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ የመማሪያ ክፍሉ ነው። እኛም አገር፣ ሌላም ዘንድ ስለ ተማሪዎች አብሮነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው ክፍል ነው። ሃምሳ እንግዳ በሳምንት ሦስት ቀን ተሰብስቦ፣ ማስታወሻ ጽፎ፣ ሳይተዋወቅ ይበተናል። ይህ ክፍል ማኅበር የሚሆነው እንዴት ነው? ጥያቄው ብዙ ተጠንቷል፤ መልሱም እንደሚመስለው የመልካም ቃል ጉዳይ አይደለም።

የቀድሞው ትምህርታችን ለዚህ የሚለው አለው። ቅኔ ቤት የሚገባ የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው ቀድሞት ከገባው ተማሪ ጋር ነው። የቀደመው ያስቀጽለዋል፤ አብረው ጎጆ ይቀልሳሉ፤ ለምነው ያመጡትን ቁራሽ አብረው ይበላሉ። ትምህርቱን ከኑሮው ለይቶ ማውጣት አይቻልም። የዚህ ጥንካሬ በኋላ በምናነሳው ጥናት ላይ ከባሕር ማዶ ተመልሶ ይመጣል። ይሁን እንጂ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ብርቅዬዎች ቢወጡም ቅኔ ቤት በአመዛኙ የወንዶች፣ ከአንድ እምነትም የመጡ ሰዎች ቤት ነበር። የዛሬው ሴክሽን የተሰጠው ፈተና እዚያ አልነበረም።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት ተማሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ መምህሩም ተማሪውን በስሙ ያውቀው ነበር። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ትንሽ ቆይቶ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች መጡ። ከነጻነት ትግል መሐል የመጡ ነበሩና በክፍልም በስብሰባም ያለ ፍርሃት ይናገሩ፣ መምህርን ይሞግቱ ነበር። የተማሪዎችን ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ምሁራን የኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን አንደበት ከከፈቱት ነገሮች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ጥቂት እንግዶች የአንድን ክፍል የንግግር ልማድ መቀየር እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ የቅርብ ምስክር የለንም።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ሌላ ሆነ። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ተማሪውም የሚመደበው ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልዲያን ጨምሮ በተለያዩ ግቢዎች በተነሣ ግጭት ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ትተው ወደየቤታቸው ተመለሱ። የእነዚያን ወላጆች ለቅሶ የሰማ ሰው ይህን ርዕስ እንደ ማስተማሪያ ዘዴ ወግ ብቻ ሊያየው አይችልም። ከተሞከሩት መፍትሔዎች ልብ የሚነካው የጎንደር ነው፤ የከተማው ቤተሰቦች ከሩቅ የመጡትን ተማሪዎች በ«ቃል ኪዳን ቤተሰብ» ልጅ አድርገው ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የተመለሰው የፍሬሽማን ፕሮግራምም አንትሮፖሎጂን፣ ሒሳዊ አስተሳሰብን፣ አካታችነትን የሚመለከቱ ኮርሶችን ለሁሉም አስገባ። ኮርሶቹ ተገቢ ናቸው። ግን ስለ አካታችነት ሃምሳ ተማሪ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስላይድ ገልብጦ ቢወጣ፣ ከአጠገቡ የተቀመጠውን ሳያውቅ ኤ ሊያገኝበት ይችላል።

በምዕራቡ ዓለም ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቪንሰንት ቲንቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ተማሪ ኮሌጅን አቋርጦ የሚሄደው ስላልቻለ ብቻ ሳይሆን ከትምህርቱም ከግቢውም ማኅበረሰብ ጋር ስላልተሳሰረ ነው አለ። ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ሲያገኝ ነቃፊም አላጣም። በተለይ ዊልያም ቲየርኒ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ይህ አመለካከት ከአናሳ ሕዝቦች የመጣ ተማሪ ያደገበትን ባህል ጥሎ እንዲገባ ይጠብቃል ሲል ሞገተው። ትችቱ ለእኛ የቅርብ ነው፤ ከጅግጅጋ ወይም ከጂንካ ለመጣ ልጅ «ግቢውን ልመድ» ማለት ራስህን ተው ማለት እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን። ቲንቶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓይኑን ወደ ክፍሉ መለሰ። በሲያትል አንድ የሕዝብ ኮሌጅ ውስጥ፣ ሠርተው ቤተሰብ አስተዳድረው የሚማሩ፣ ዶርም የሌላቸው ተማሪዎችን አጠና፤ ለእነሱ ማኅበራዊ ኑሮ ካለ ያለው ክፍል ውስጥ ብቻ እንደሆነ አሳየ። በአሜሪካ ብዙ ስደተኛ ወገኖቻችን ትምህርት የሚጀምሩት በእንዲህ ያሉ ኮሌጆች ነው። እዚህም የማታ ተማሪውና የግል ኮሌጁ ተማሪ ያው ናቸው፤ ከሥራ ወጥተው ይመጣሉ፣ ታክሲ ሳያልፋቸው ይሮጣሉ።

ክፍል ውስጥ ምን ቢደረግ ነው ታዲያ? የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ በጻፈው መጽሐፍ የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ብቻ መተማመንን አያመጣም አለ። የተገናኙት እኩል ደረጃ ሊኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሊይዙ፣ ግቡም ያለ ትብብር የማይደረስ ሊሆን፣ ተቋሙም ሊደግፋቸው ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መቀራረቡ ጥርጣሬን ሊያባብስ ይችላል።

ይህን ስናነብ ለእኛ ትውልድ ቶሎ ትዝ የሚለን አንድ ለአምስት ነው። ተማሪዎች በአምስት በአምስት ተደራጅተው፣ በውጤት የሚሻለው መሪ ሆኖ፣ አብረው እንዲያጠኑ የታሰበ ነበር። በወረቀት ላይ የትብብር ትምህርት ነው። በተግባር ግን መሪው ሪፖርት አቅራቢ ሆነ፤ አደረጃጀቱ የፖለቲካ መረብም ስለነበር ተማሪው ከጎኑ የተቀመጠውን ሊፈራው ጀመረ። ከትምህርት አንጻር ካየነው ደግሞ ጉድለቱ ከሥሩ ነው፤ ሰቃዩ አዋቂ፣ ሌሎቹ ተረጂ ተብለው ከመጀመሪያው ቀን ተፈርጀዋል። ግሩፕ አሳይመንት ሲመጣ ሰቃዩ ብቻውን ሌሊቱን ሠርቶ ያስረክባል፤ አራቱ ስማቸውንና አይዲያቸውን ይልኩለታል። ማንም ማንን አልፈለገም። ዛሬም መዋቅሩ ፈርሶ ልማዱ ቀርቷል፤ የግሩፕ ሥራ ሲባል የሚያንገሸግሸው ተማሪ የበዛው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ጋር የሥነ ልቦና ምሁሩን የኤሊየት አሮንሰንን ሥራ ማነጻጸር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1971 በኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ጥቁር፣ ነጭና የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል ሲገቡ ጠብ በረታ። አሮንሰንና ተማሪዎቹ ያደረጉት ትምህርቱን መቆራረጥ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ልጅ የትምህርቱ አንድ ክፍል ብቻ ይሰጠዋል፤ ሌሎቹ ያንን ክፍል ሊያገኙት የሚችሉት ከእሱ አፍ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሁሉም ለየብቻው ይፈተናል። በሚንተባተበው ልጅ ማሾፍ ትርፍ የለውም፤ እሱ ካልተናገረ መልሱ ይጎድልባቸዋል። የታዘዘ ፍቅር የለም፣ የተሾመ መሪም የለም።

ሙከራው በታዳጊዎች ክፍል የተደረገ ቢሆንም ለዩኒቨርሲቲ አይጠብም። በፍሬሽማን የሚሰጠውን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እንውሰድ። ስለ ተፋሰሶች የሚያስተምር መምህር አምስት አምስት ተማሪ አድርጎ ለአንዱ አዋሽን፣ ለአንዱ ባሮን፣ ለሌላው ዋቢ ሸበሌን፣ ለሌላው ተከዜን፣ ለአምስተኛው ኦሞን ይሰጣል። አዋሽ የደረሰው ተማሪ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር አንብቦ ያስረዳል፤ ባሮ የደረሰው ጋምቤላ ላይ በአንድ ወቅት መርከብ የሚመላለስበት ወንዝ እንደነበር ይናገራል። ከዚያ ስለ አምስቱም ኩዊዝ አለ። የጋምቤላው ልጅ ባሮ ቢደርሰው የሚጨምረው ይኖረዋል። ግን የግድ ለእሱ አይሰጥ፤ ተማሪን የክልሉ ቃል አቀባይ ማድረግ ሌላ ሸክም ነው። ተከዜን ያጥና፤ የመቀሌዋ ልጅ ስለ ባሮ ትንገረው።

ሌላው ልናነበው የሚገባ ሰው ዩሪ ትራይስማን ነው። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሰው ነበር፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስን በብዛት ሲወድቁ የተለመደው ማብራሪያ አላረካውም። ባልደረቦቹ ዝግጅታቸው ደካማ ነው፣ ተነሣሽነት የላቸውም፣ ቤተሰባቸው አይረዳቸውም ይሉ ነበር። ትራይስማን ሃያ ጥቁርና ሃያ ቻይናዊ ተማሪዎችን ወደሚኖሩበት ሄዶ ተከታተለ። ያየው የተባለውን አልነበረም። ጥቁሮቹ ታታሪ ነበሩ፤ ግን ብቻቸውን ያጠኑ ነበር፤ ጓደኝነት ለብቻ፣ ጥናት ለብቻ ነበር። ቻይናውያኑ የቤት ሥራቸውን ይዘው ይገናኛሉ፣ እየበሉ ይከራከራሉ፣ አንዱ የሌላውን ስሌት ያርማል፤ አንድ ጥያቄ ሁሉንም ሲያስቸግር ችግሩ የራሳቸው ስንፍና እንዳልሆነ ያውቃሉ። በቅኔ ቤት ያየነው የትምህርትና የኑሮ አንድነት ይኸው ነው።

መፍትሔው የእሱን ጥበብ ያሳያል። ማካካሻ ትምህርት አልከፈተም። የጎበዞች ወርክሾፕ ብሎ ጠራው፤ ከክፍሉ የሚከብዱ ጥያቄዎች ሰጣቸው፤ በጋራ እንዲሠሯቸው አደረገ። የተሳታፊዎቹ ውጤት ካልተሳተፉት በብዙ ላቀ። እኛ ዘንድ በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ በቀጣዩ ዓመት የሪሜዲያል ፕሮግራም ተጀመረ። ሐሳቡ ቀና ነው፣ ሁለተኛ ዕድል ነው። ነገር ግን «ሪሜዲያል» የሚለው ስም ግቢ ውስጥ ምን እንደሚያሸማቅቅ ተማሪዎቹን የጠየቀ ያውቃል። ያንኑ ደካማ ትምህርት በጥድፊያ ከመድገም ይልቅ ከባድ ጥያቄ ሰጥቶ አብሮ የሚያታግል ክፍል ቢሆን፣ ልጆቹ የመጀመሪያውን ዓመት ሲጀምሩ ውጤት ብቻ ሳይሆን የጥናት ጓደኛም ይዘው ይገቡ ነበር።

ትንሽ የሚመስል ግን ትንሽ ያልሆነ አንድ ነገር ስም ነው። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ትልቅ የባዮሎጂ ክፍል ተማሪዎች ስማቸውን በታጠፈ ወረቀት ጽፈው ዴስካቸው ላይ እንዲያቆሙ ተደረገ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ 78 ከመቶው መምህሩ ስሜን ያውቃል ብለው አመኑ፤ በእርግጥ የታወቀው ግን 53 ከመቶ ያህሉ ነበር። ወረቀቱ ከማስታወስ በላይ ሠርቷል፤ ተማሪው መጠራት እንደሚችል ተሰማው። የእኛ ክፍል ውስጥ «አንተ ባለ ቀይ ሹራብ»፣ «አንቺ ጥጓ ላይ ያለሽው» የተለመደ ነው። ስም ሲጠራም ሬጅስትራር በእንግሊዝኛ በጻፈው መንገድ ተሰባብሮ ይወጣል፤ ልጁ ያፍራል፣ ክፍሉ ይስቃል። የመጀመሪያ ቀን «ስምህን አንተ ራስህ ጥራልኝ» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

ስም ካነሣን የፊደል ተራውንም እናንሣ። ቡድን የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ በአቴንዳንሱ ዝርዝር ነው፤ ከላይ ወደ ታች አምስት አምስት። ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ስማችን ሃይማኖታችንንና ሰፈራችንን ይዞ ይዞራል፤ መሐመድ፣ ሙባረክ፣ ሙስጠፋ አንድ ቡድን ይገባሉ፤ ገብረ መድኅንና ገብረ ሚካኤል ሌላ ቡድን። መምህሩ ሳያስበው መናኸሪያው ላይ ያየነው አሰባሰብ ክፍል ውስጥ ይደገማል። በዝርዝሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ አሥር እያስቆጠሩ አንድ ቁጥር ያላቸውን አንድ ላይ ማድረግ ይህን ባንዴ ይፈታዋል።

ከሁሉም ያስቸገረው ግን ቋንቋ ይመስለኛል። ሕጉ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ይላል። አንድ የስታቲስቲክስ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ያየሁት የሌላውም ክፍል መልክ ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ ጀመረ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ ናሙና ስሕተት ሲደርስ የተማሪዎቹ ፊት እንዳልገባቸው ነገረውና ወደ አማርኛ ገባ፤ በአንድ ጨዋታም አዋዛው። ክፍሉ ተነቃቃ፣ ጥያቄ መጣ፣ ሳቅ መጣ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግን ከሶማሌ ክልል የመጡ ሁለት ተማሪዎች ሰሌዳው ላይ የቀረውን ቀመር ዝም ብለው ይገለብጡ ነበር። የሌላው ሳቅ ሲቀልጥ አንዱ ወደ ጓደኛው ዞሮ በዓይኑ ጠየቀው፤ ጓደኛውም ትከሻውን ነቀነቀ። መምህሩ ደግ ሰው ነው፣ ለተማሪ የሚጨነቅ ነው። ለአርባ ስምንቱ የተከፈተው በር ለሁለቱ ተዘጋ። ሌላ ከተማ ላይ በአፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚቀሩት ደግሞ ሌሎች ናቸው።

እንግሊዝኛ ብቻ ይሁን ማለት መፍትሔ አይደለም፤ እሱ ሁሉንም እኩል ዝም ያሰኛል። የማየው የሚሻል መንገድ ይህ ነው፦ መምህሩ በአገር ቋንቋ ያብራራውን ከዚያው ሳይወጣ በቀላል እንግሊዝኛ ይድገመው፤ ጨዋታውንም ቢሆን። ቡድኖች ለአምስት ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ ይወያዩ፣ መልሱን ግን ሁሉም የሚረዳው በአንድ ላይ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያድርጉት። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴም ለዚህ ይመቻል፤ ጥያቄ ይቀርባል፣ ሁሉም ብቻውን መልስ ይመርጣል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ እንደገና ይመርጣል። እሱ መሣሪያ ይጠቀማል፤ ለእኛ ጣት በቂ ነው፣ «ሀ» አንድ ጣት፣ «ለ» ሁለት። ጠይቆ ዝም ብሎ መጠበቅም ያስፈልጋል። ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየችው መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ነው፤ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያሳድጉት ብዙ ልጅ ይመልሳል፣ መልሱም ይረዝማል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ለሚያስብ ተማሪ ሦስትም ያንሰዋል።

የመፈላለግን ጉልበት በግቢዎቻችን ያየሁት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ዘንድ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ዓይናማው ለማያየው ጓደኛው ሃንድአውት ማንበቡ የቆየ ልማድ ነው። አንባቢው ጮክ ብሎ ሲያነብ ራሱ ያጠናል፤ ሰሚው «እሷን ድገማት» ሲለው ያልገባው እሱም እንደሆነ ይታወቀዋል። ለፈተና ሰሞን የተጀመረው ንባብ ከምረቃ በኋላ የሚዘልቅ ወዳጅነት ይሆናል። ማንም ስለ አብሮነት ንግግር አላደረገላቸውም። የሚያሳዝነው ግን ይህ ሁሉ ከክፍል ውጪ፣ በግል በጎነት ላይ የቆመ መሆኑ ነው፤ ፈቃደኛ ሲጠፋ ተማሪው ያለ አንባቢ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ከግሬዱ ጋር መጋጨት የለበትም። ውጤት በከርቭ በሚሰጥበት ክፍል የእኔ ኤ የአንተን ሲ ይፈልጋል፤ ያለፈ ዓመት ፈተና የያዘ ተማሪ ይደብቃል፣ ማስታወሻ ያላት አታውስም። እንዲህ ባለ ክፍል የስም ወረቀት ማቆምም፣ ቡድን ማደባለቅም ከበሩ አይዘልቅም። በተወሰነ መለኪያ የሚሰጥ ውጤት ያለበት ክፍል ግን ማስረዳት ኪሳራ የለውም። ስለዚህ መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ኮርስ አውትላይኑን ሲያድል ስለ ውጤት አሰጣጡ የሚናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ትበልጣለች።

ቀሪው ጥያቄ ይህን ማን ያድርግ የሚለው ነው። በብዙ ዲፓርትመንቶች የመጀመሪያ ዓመት ክፍሎች የሚሰጡት ለአዲስ ቅጥር፣ ትናንት ለተመረቀ ረዳት ነው፤ ነባሩ መምህር የከፍተኛ ዓመትና የማስተርስ ኮርስ ይይዛል። ወጣቱ መምህር ብዙ ሴክሽን፣ ብዙ ተማሪ ተሸክሞ፣ ክፍል እንዴት እንደሚያዝ ሳይነገረው ይገባል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚወስዱት የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና አለ፤ በዚያ ውስጥ ስም አያያዝና ቡድን አመሠራረት፣ ብዙ ቋንቋ ባለበት ክፍል ማስተማር ራሱን የቻለ ቦታ ቢያገኝ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የዲፓርትመንቱ ምርጥ አስተማሪ የፍሬሾቹን ክፍል ቢይዝ፣ ሥራው ከተገቢው ቦታ ይጀምር ነበር።